የአይሪሽ የቦታ ስሞችንና የአገሩን አፈ ታሪክ ከባለቤቶቹ አፍ እንዴት እንቀዳለን?

አየርላንድ ገጠር ውስጥ ዴሊቨሪ የሠራ ሰው የምለው ይገባዋል። አድራሻው ላይ የቤት ቁጥር የለም፣ የመንገድ ስምም የለም። የሰውየው ስም አለ፣ ከሥሩ ለማንበብ የምታስቸግር አንዲት ቃል አለች፣ ከዚያ ካውንቲው። ያቺ አስቸጋሪ ቃል የታውንላንዱ ስም ናት። ታውንላንድ በዚህ አገር ስም ካላቸው የመሬት ክፍሎች ትንሹ ነው፤ በደሴቱ ላይ ከ60,000 በላይ አለ። በየታውንላንዱ ውስጥ ደግሞ ማሳው፣ ድንጋዩ፣ ምንጩ፣ የመንገዱ መታጠፊያ ሳይቀር የየራሱ ስም አለው። ታውንላንዶቹ ካርታ ላይ አሉ። የማሳና የድንጋይ ስሞቹ ግን አብዛኞቹ የትም አልተጻፉም፤ ሰማንያና ዘጠና ዓመት የሞላቸው ሰዎች ናቸው በቃላቸው የያዟቸው። አንድ ሽማግሌ በሞቱ ቁጥር ሃያ ሠላሳ ስም አብሮ ይቀበራል።

እኔ የምኖረው ጎልዌይ ካውንቲ ነው። ጥቂት ዓመታት ሆነኝ፣ ትርፍ ጊዜዬን ከሰፈሬ ሰዎች ጋር እነዚህን ስሞች በመቅዳት ማሳለፍ ከጀመርኩ። እዚህ ያሉ ሐበሻ ወዳጆቼ አሠራሩን ደጋግመው ስለጠየቁኝ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ድምፁን ቅዱ፣ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

"እኔ የውጭ አገር ሰው ነኝ፣ ምን አግብቶኝ" የሚል ካለ ስለ ቲም ሮቢንሰን ልንገረው። እንግሊዛዊ ነው። በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከጎልዌይ ባሕር ዳር ማዶ ወዳሉት አራን ደሴቶች መጥቶ መኖር ጀመረ፣ ቋንቋውን እዚያው ተማረ፣ ደሴቶቹን በእግሩ እየዞረ ስሞቹን ከነዋሪው ሰበሰበ፣ በ1975 የመጀመሪያውን ካርታ አወጣ። ቀጥሎ በረንና ኮነማራ የሚባሉትን የምዕራብ አየርላንድ አካባቢዎች ካርታ ሠራ። በ2020 እስኪያርፍ ድረስ የምዕራብ አየርላንድ ሰው እንደ ራሱ ሰው ነበር የሚያየው። እንግዳ መሆን እንዲያውም ይረዳል። የሰፈሩ ልጅ "ይሄ ማሳ ለምን እንዲህ ተባለ?" ብሎ ለመጠየቅ ያፍራል፣ ማወቅ አለበት ተብሎ ይታሰባላ። እናንተ ግን ሁሉንም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ድምፁ ለምን ይቀድማል?

ከ1824 ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት ደሴቱን በሙሉ አስለክቶ ካርታ አስነሣ። መሬት ላይ ያለው አንድ ማይል በስድስት ኢንች የተሣለበት የመጀመሪያው ካርታ ከ1833 እስከ 1846 ባለው ጊዜ ታትሞ አለቀ። ሕዝቡ የሚጠራቸው ስሞች በአይሪሽ፣ በአገሩ ነባር ቋንቋ ናቸው፣ ካርታው ላይ የሰፈሩት ግን በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። ባሕር ዳርን አንድ እንግሊዛዊ ሰምቶ "ባርዳር" ብሎ ቢጽፈውና ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን "ባርዳር ምን ማለት ነው?" ብለው ሲጠያየቁ አስቡት። ባሕሩም ጠፋ፣ ዳሩም ጠፋ።

እዚህ የሆነው እሱ ነው። ካርታ ላይ "ኪል" ብሎ የሚጀምር ስም በየካውንቲው ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን ማለት ሊሆን ይችላል፣ ደን ማለትም ሊሆን ይችላል፤ በአይሪሽ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ እንግሊዝኛው ነው አንድ ያደረጋቸው። ኪልሞር የሚባል ቦታ አንዱ ጋ "ትልቁ ቤተ ክርስቲያን"፣ ሌላው ጋ "ትልቁ ደን" ነው። "ባሊ"ም እንደዚያው። አብዛኛውን ጊዜ "ባልየ" ነው፣ መንደር ወይም ቀዬ ማለት። ባሊና እና ባሊናስሎ ላይ ግን "ቤል አሃ" ነው፣ የወንዝ መሻገሪያ አፍ። ካርታ ብቻ አይቶ የሚተረጉም ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ጆሮ ግን ይለየዋል። አይሪሽ የሚናገር ሰው ቤተ ክርስቲያኑን "ኪል" ይለዋል፣ ደኑን ደግሞ ወደ "ክዊል" በሚጠጋ ድምፅ። ይቺ ትንሽ ልዩነት ወረቀት ላይ የለችም። የተቀዳ ድምፅ ላይ አለች። በካርታ ሥራው ላይ ከ1830 ጀምሮ የተሰማራው ትልቁ የአይሪሽ ሊቅ ጆን ኦዶኖቫንም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በየሰበካው እየሄደ ሰዎቹ ስሙን በራሳቸው አንደበት እንዲሉለት ያደርግ ነበር። እሱ መቅጃ አልነበረውም፤ እኛ ኪሳችን ውስጥ አለ።

አንድ ታውንላንድ ብቻ ያዙ

በአንድ ጊዜ ካውንቲ ልሸፍን አትበሉ። ከቤታችሁ የሚቀርበውን አንድ ታውንላንድ ምረጡና እሱን ጨርሱ። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ብቻ ሠላሳ የማሳ ስም ሊሰጣችሁ ይችላል፣ እሱን አጥርቶ መያዝ ራሱ የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው።

ሰው ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሳምንት ተዘጋጁ። ሎገኒም የሚባለው የመንግሥት የቦታ ስሞች ዳታቤዝ አለ፤ ቃሉ ራሱ "የቦታ ስም" ማለት ነው። እዚያ የታውንላንዱን የአይሪሽ ስም፣ ካለም የድሮ ሰነዶች ላይ የተጻፈበትን መልክ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቹ ጋ አነባበቡም በድምፅ አለ። ከዚያ የድሮውን ስድስት ኢንች ካርታና ከእሱ በኋላ የመጣውን ሰፋ ያለውን ሃያ አምስት ኢንች ካርታ የአገሪቱ የካርታና የመሬት ምዝገባ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ እዩ። ሃያ አምስት ኢንቹ ላይ እያንዳንዱ የማሳ አጥር ተሥሏል። እሱን ነው ማተም ያለባችሁ፣ በኤ3 ወረቀት፣ ሁለት ኮፒ።

ሦስተኛው ምንጭ ዱኸስ የሚባለው የአፈ ታሪክ ድረ ገጽ ነው። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ አፈ ታሪክ ኮሚሽን ከ5,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው የሰሙትን ደብተር ላይ እንዲጽፉ አደረገ። ወደ 740,000 ገጽ ተሰብስቦ አሁን ኢንተርኔት ላይ በትምህርት ቤት ስም ይፈለጋል። የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት ክፈቱ። ከምታነጋግሯቸው ሰው እናት ወይም አጎት አንዱ ጽፎ ሊሆን ይችላል። እኔ አንዴ የአንዲት ሴት እናት በአሥራ ሁለት ዓመቷ የጻፈችውን ገጽ አትሜ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩኝ።

ዕቃው

ስልክ ይበቃል። ግን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ፋይሉ ድምፁን ሳያሳንስ በሚይዘው በዋቭ (WAV) ይቀዳ፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ከቻለ። ኤምፒ3 ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ከድምፁ ዝርዝር ስለሚጥል የተነባቢዎቹ ልዩነት ላይ ጉዳት አለው፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው በትክክል እሱን ነው። አቅም ካላችሁ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ግዙ። ውጭ ለውጭ የምትሄዱ ከሆነ ማይኩ ላይ የሚደረገው ፀጉራም ልባስ ግዴታ ነው። የምዕራብ አየርላንድን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያለ ልባስ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ጠላቱ ማንቆርቆሪያው ነው። ሰዓቱ፣ ፍሪጁና ሬዲዮውም አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ስልኬን ሻይ ከሚፈላበት አጠገብ አስቀምጬ ስድስት ስም ጠፍቶብኛል፣ ሰውየው ሁለተኛ ለማለት ጤናቸው አልፈቀደም። ስለዚህ ስልኩን ተናጋሪው ፊት፣ ከጠረጴዛው ላይ ታጥፎ በተቀመጠ ፎጣ ላይ አድርጉት፤ ጠረጴዛው ሲነካ እንዳይንኳኳ።

መቅዳት ስትጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንዳለ ራሳችሁ ተናገሩ። ማስታወሻውን በአማርኛ የምታደርጉ ከሆነ ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። "ሦስት ሰዓት ላይ" ብላችሁ ቀድታችሁ ከዓመት በኋላ በእኛ ነው በፈረንጅ ብላችሁ ትቸገራላችሁ።

በር ስታንኳኩ

ሳይታሰብ አትሂዱ። የሚያውቃቸው ሰው ያስተዋውቃችሁ፤ የሰፈሩ ቄስ፣ ፖስተኛዋ፣ የጌሊክ እግር ኳስ ክለቡ ሰዎች፣ ወይም የወረዳው ላይብረሪ። የወተት ላም ካላቸው በጠዋትና ወደ ማታ አካባቢ አለባ ላይ ናቸው። በጸደይ በጎች ስለሚወልዱ ማንም ጊዜ የለውም። ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱ ይረዝማል፣ ድሮም ተረት የሚወራው በዚህ ወቅት ነበር።

አጠራር ላይ እኛ እንቸገራለን። የዘጠና ዓመት አዛውንት በስማቸው ብቻ መጥራት ምላስ ላይ ይከብዳል። እዚህ ግን የሚፈልጉት እሱን ነው፤ "ሚስተር" ካላችሁ ከመንግሥት የመጣችሁ ይመስላቸዋል። ሻይ ሲያቀርቡ አትግደርደሩ። ደጋግመው ይለምናሉ፣ ልክ እንደኛ በሞቴ። ጠጡ፣ ከተጋገረውም ብሉ። ዋናው ወሬ የሚመጣው ሻዩ ላይ ነው።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። አይሪሽ በሚነገርባቸው አካባቢዎች ሰው የሚታወቀው እንደኛ በአባትና በአያት ስም ነው። ሰውየውን "ሾን የፓድሪግ የማርቲን" ይሉታል። መታወቂያው ላይ ያለው የቤተሰብ ስም ሌላ ነው። ይህን የሰንሰለት ስም ጻፉ። ምክንያቱም ማሳው ስም ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፣ "የትልቁ ሾን ማሳ" ሲሉ የትኛው ሾን እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ነው።

ፈቃድ ሳትጠይቁ አትቅዱ። መቅጃው ከበራ በኋላ ድጋሚ ጠይቁና መልሱ ድምፅ ላይ ይግባ፤ ወረቀትም አስፈርሙ። ሦስቱን ጉዳይ ለየብቻ ጠይቁ፦ መቅዳቱን ይፈቅዳሉ? ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጋሉ? ድምፁ ለሕዝብ ክፍት ቢሆን ይስማማሉ? አንዱን እሺ ብሎ ሌላውን የሚከለክል ሰው ብዙ ነው፣ መብቱም ነው።

ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

"አፈ ታሪክ ያውቃሉ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ "ኧረ እኔ ምንም አላውቅ" ይሏችኋልና በሩ ተዘጋ። ካርታውን ዘርጉ። ቤታቸውን በጣታችሁ አሳዩ። "ከዚህ ማሳ ጎን ያለውስ ምን ትሉታላችሁ?" በሉ፣ በቃ። ከዚያ አንድ ባንድ ዙሩ። ማሳው ሲያልቅ ወደ ዕለት ኑሮ ግቡ። ልጅ ሆነው ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? የት ይዋኙ ነበር? ላም የሚጠፋው የት ነበር? ሲመሽ ብቻችሁን አትለፉ የተባለበት ቦታ አለ? ያ ዛፍ ለምን አልተቆረጠም? ከእነዚህ ጥያቄዎች የሚወጣውን ሠላሳ ዓመት ተረት ተረት ብትሉ አታገኙትም።

ስሙን ሲናገሩ ሦስት ጊዜ እንዲሉት አድርጉ። አንዴ ብቻውን። አንዴ ቀስ ብለው። አንዴ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ "ላሞቹ የት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቃችሁ። ይሄ ሦስተኛው የግድ ነው። አይሪሽ ውስጥ የቃሉ መነሻ ድምፅ እንደ አገባቡ ይለወጣል። ኮረብታ በኮናክት፣ በምዕራቡ ክፍለ አገር፣ "ክሮክ" ነው፣ "ኮረብታው ላይ" ሲሉ "ግሮክ" ይሆናል። በደቡቡ ክፍለ አገር በሙንስተር ደግሞ ያው ቃል "ክኖክ" ነው፤ ለዚህ ነው ካርታ ላይ አንዱ ጋ "ክሮክ"፣ ሌላው ጋ "ኖክ" የምታገኙት። ዓረፍተ ነገሩ ከሌላችሁ በኋላ አጻጻፉን የሚያስተካክለው ባለሙያ ይቸገራል።

አታርሟቸው። ይህን በጣም አደራ እላለሁ። በ2022 ቆጠራ ወደ 1.87 ሚሊዮን ሰው አይሪሽ እችላለሁ ብሏል፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 71,968 ነው። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎች ቋንቋውን ሳያውቁት ስሞቹን ይዘዋል፣ ትርጉሙ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀርቷል። "ትክክለኛው እንዲህ ነው" ካላችኋቸው አፍረው ያቆማሉ። በተጨማሪም እሳቸው "ተሳስተው" የሚሉት ድምፅ ከመዝገቡ ይልቅ ለድሮው የቀረበ ሊሆን ይችላል።

ፊደላችንን ተጠቀሙበት

ለግል ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ፊደል አትጻፉ፤ ያው የድሮዎቹ ካርታ ሠሪዎች ስህተት ውስጥ ትገባላችሁ። የእኛ ፊደል ለአይሪሽ ጆሮ ይመቻል። "ሎኽ" ሲሉ ያለችው ኽ እኛ ጋ አለች፣ የጎጃምና የጎንደር ሰው በየቀኑ ይላታል። እንግሊዝኛው "ስሊቭ" ብሎ የጻፈው ተራራ በአይሪሽ "ሽሊቭ" ነው፤ ሽ አለችን። ለስለስ ያለው ን ወደ ኝ ይጠጋል፣ በአንዳንድ አካባቢ ለስላሳው ት ወደ ች፣ ለስላሳው ድ ወደ ጅ ይሄዳል። እየሰማችሁ በፊደል ጫሩ። ለመዝገብ ቤት የሚሰጠው ግን በላቲን ስለሆነ ቤት ገብታችሁ፣ ድምፁን ደግማችሁ እየሰማችሁ ገልብጡት።

ሰንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ስም አንድ መስመር ይኑር፦ የሰማችሁት ድምፅ፣ ፋይሉና ደቂቃው፣ ካርታ ላይ ያለው አጻጻፍ ካለ፣ ተናጋሪው የሰጡት ትርጉም በራሳቸው ቃል፣ የነገሩ ዓይነት (ማሳ፣ ድንጋይ፣ ምንጭ፣ የባሕር ዳር ዋሻ)፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የተናጋሪው የትውልድ ዓመትና ስሙን ከማን እንደሰሙ። "ትክክለኛ የአይሪሽ አጻጻፍ" የሚለውን ዓምድ ባዶ ተዉት። ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰው ይሞላዋል። ባዶ ዓምድ ማንንም አያሳስትም፤ በግምት የተሞላ ዓምድ ግን ለሚቀጥለው ትውልድ እንደ እውነት ይተላለፋል።

መሬቱ ላይ ሂዱ

ወጥ ቤት ውስጥ የተባለውን ሜዳ ላይ አረጋግጡ። እዚህ አገር በሰው መሬት እንደልብ የመራመድ መብት የለም፣ ገበሬውን አስፈቅዱ። ውሻ አትውሰዱ። በር ክፍት ካገኛችሁት ክፍት፣ ዝግ ካገኛችሁት ዝግ አድርጋችሁ ተዉት።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንድ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው አንዱን ማሳ "ጋሪ አን ቶቢር" አሉኝ። ጋሪ እዚህ ትንሽ የታጠረ ማሳ ነው፣ ቶበር ምንጭ ነው፤ የምንጩ ማሳ። "ምንጩ የታለ?" አልኳቸው። "ምንጭ የለም፣ ስሙ ነው እንጂ" አሉ። ትርጉሙን እዚያው ጽፌ ልዘጋው ነበር። በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ አብረን ወጣን። ማሳው መሃል ሲደርሱ ቆሙ፣ በዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉት። ሣሩ እዚያች ጋ ብቻ ሌላ ነበር፤ ውሃ የሚወድ ቄጠማ መሰል ሣር፣ ከአንድ ትልቅ ምጣድ የማይሰፋ ክብ። ዱላው ሲገባ ጥቁር ውሃ ብቅ አለ። "እናቴ ከዚህ ትቀዳ ነበር" አሉ። ትራክተር ሲመጣ አባታቸው በድንጋይ ደፈኑት። ይህን ሁሉ ወጥ ቤት ውስጥ አላስታወሱትም፣ እግራቸው ነው ያስታወሳቸው። ቤት ገብቼ ሃያ አምስት ኢንቹን ካርታ ሳየው ምንጩ እዚያው ቦታ ላይ ምልክት ተደርጎበታል። በማግስቱ ባንወጣ ኖሮ ድምፁ ይኖረኝ ነበር፣ ምንጩ ግን ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ስለዚህ እየሄዳችሁ ቅዱ። ማሳን በአንድ ነጥብ አትያዙ፣ ድንበሩን ካርታው ላይ በእርሳስ ክበቡ። ብዙ አጥሮች ለትራክተር ተብለው ፈርሰዋል፤ ዛሬ አንድ የሆነው ትልቅ ማሳ ውስጥ አራት የድሮ ስም ሊኖር ይችላል።

የባሕር ዳር ሰዎች ከሆናችሁ ዓሣ አጥማጆቹን አትርሱ። እነሱ የባሕሩን ወለል በስም ያውቁታል። ዓሣ ያለበትን ቦታ የሚይዙት ሁለት የየብስ ምልክት በማሰለፍ ነው፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ከአንድ ቋጥኝ ጋር ሲገጥም። የሁለቱንም ምልክት ስም፣ ውሃው ላይ ያለውንም ስም ጠይቁ። ጎልዌይ ካውንቲ ውስጥ እንግሊዝኛው አጻጻፍ 22 ፊደል የሚፈጅ አንድ ታውንላንድ አለ፤ ሲፈታ "በሁለት የጨው ውሃ መካከል ያለ፣ የአሳማ ጀርባ የመሰለ ጉብታ" ማለት ነው። ከጀልባ ላይ ላየው ሰው ስሙ ራሱ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው።

ታሪኮቹን ስትቀዱ

አይሪሾች አፈ ታሪክን "ቤሎዲየስ" ይሉታል። "ቤል" አፍ ነው፣ ቀሪው ትምህርት። እኛም አፈ ታሪክ ስንል አፍ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ ይሄ ነገር ደስ አሰኘኝ። የቦታ ስም ታሪክን ለብቻው "ዲንሻነኸስ" ይሉታል፤ ከመካከለኛው ዘመን የብራና ጽሑፎች ጀምሮ የተያዘ ጥበብ ነው።

ምን እንደምትሰሙ ጥቂቱን ልንገራችሁ፣ ሲመጣ እንድታውቁት። "ሊስ" የሚባል ክብ የአፈር ግንብ አለ፣ የጥንት ገበሬ መኖሪያ ነው። ሰዉ ግን የማይታዩት "ደጋጎቹ ሰዎች" ይኖሩበታል ብሎ አያርሰውም። ብቻዋን የቆመች እሾሃማ፣ ነጭ አበባ የምታወጣ ዛፍም አትቆረጥም፤ ከእኛ አድባር ጋር አንድ ናት ባይባልም አክብሮቱ ይመሳሰላል። በ1999 ክሌር ካውንቲ ላቱን ላይ አውራ ጎዳና ሲሠራ ተራኪው ኤዲ ሌኒሃን ስለ አንዲቷ ተሟግቶ ዛፏ ሳትነካ ቀርታለች። "ፌር ጎርታኽ" የተራበ ሣር ነው፣ በ1840ዎቹ አገሩን ከመታው ከታላቁ ረሃብ ዘመን ጋር ያያይዙታል። የረገጠው ሰው በድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል፣ መድኃኒቱ ቁራሽ ዳቦ ነው። "ፎጂን ማሪ" ደግሞ ረግጣችሁት በገዛ ማሳችሁ መውጫው የሚጠፋባችሁ አፈር ነው፤ ኮት ገልብጦ መልበስ ይፈታዋል። ትልልቅ ቋጥኞችን የተረቱ ጀግና ፊን ማክ ኩል ወርውሯቸዋል ይባላል። ቅዱሳን ምንጮችም አሉ፣ በእኛ ቋንቋ ጠበል ናቸው፤ በበዓሉ ቀን ይዞሯቸዋል።

ታሪኩን አታሳጥሩ። "ስለ አንድ ዛፍ ተናገሩ" ብላችሁ በአንድ መስመር ከጻፋችሁ ምንም አልያዛችሁም። ሙሉ ቃላቸውን ከነመደጋገሙ፣ ከነዝምታው ቅዱ። መሃል አትግቡ። "ያምኑበታል?" አትበሉ፤ ሰውን ፈተና ላይ መጣል ነው። "ይህን ከማን ሰሙት?" በሉ። ጎረቤቱ በሌላ መልክ ከነገራችሁ ሁለቱንም ያዙ፣ ዳኛ አትሁኑ።

መቅጃው የሚጠፋበት ጊዜ

"ኪሊን" የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት የተቀበሩባቸው ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አይቀበሩም ነበርና። እዚያ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ስሙን ጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ እሳቸው ከቀጠሉ ቀጥሉ። የረሃቡ ዘመን መቃብሮችም እንደዚሁ። የመሬትና የመተላለፊያ መንገድ ጠብ ሲነሣ ደግሞ መቅጃውን አጥፉ፤ ድምፁ ነገ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። የቅርስ ቦታዎችን ትክክለኛ ነጥብ ለሕዝብ ስትለቁም አስቡበት። ጥንታዊ ዕቃ በብረት መፈለጊያ ያለ ፈቃድ መፈለግ እዚህ በሕግ ክልክል ነው፣ የሚያደርጉት ግን አሉ።

ከዚያ በኋላ

በዚያው ቀን ማታ ፋይሉን ሰይሙ፦ ቀን፣ ታውንላንድ፣ ተራ ቁጥር። ሦስት ኮፒ ይኑር፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። ዋናውን ፋይል አትቁረጡ፤ ማስተካከል ከፈለጋችሁ ኮፒው ላይ።

ለማን ይሰጣል? ሎገኒም "ሜሃል" የሚል ክፍል አለው፣ ትንንሽ ስሞችን ከሕዝቡ የሚቀበልበት። ሜሃል ማለት ደቦ ነው፣ ጎረቤት ተጠራርቶ አንዱን ማሳ የሚያጭድበት። ዱኸስ ላይም በዚሁ ስም በጎ ፈቃደኞች የልጆቹን ደብተር ይገለብጣሉ፤ አይሪሽ ባታነቡ እንኳ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ብዙ ነው። ረጅም ታሪኮች ካላችሁ ደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያለውን ብሔራዊ የአፈ ታሪክ ስብስብ ጠይቁ። የካውንቲው ላይብረሪና የቅርስ ኃላፊም ይረዷችኋል። ሚዝ ካውንቲ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች የማሳ ስሞቻቸውን ሰብስበው በ2013 በመጽሐፍ አውጥተዋል፤ ጀማሪዎቹ እንደኛው ተራ ሰዎች ነበሩ።

ከሁሉ በፊት ግን ኮፒው ለቤተሰቡ ይድረስ። ድምፁን በፍላሽ፣ ስሞቹን ደግሞ በትልቁ የታተመ ካርታ ላይ ጽፋችሁ ውሰዱላቸው። ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል፣ ልጆቹ ሲመጡ ያዩታል። አዛውንቱም መነጽራቸውን አድርገው አንዱ ላይ ጣታቸውን ያሳርፉና "ይሄ እዚህ አይደለም፣ አንድ አጥር ወዲህ ነው" ይላሉ፤ ቀጥለው ባለፈው ያልነገሯችሁን ሦስት ስም ይጨምራሉ። ስለዚህ ያን ቀንም መቅጃውን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ።